ኮምፒውተር የሚጫወተው ዎኪንግ ቤዝ ሰው ሰው እንዲሸት

ደሴ ውስጥ ቤዝ ጊታር የሚጫወት ሰው አይጠፋም። ደብል ቤዝ ግን ሌላ ነገር ነው። ያ ቆመው አቅፈው የሚጫወቱት ትልቁ የእንጨት ቤዝ ማለቴ ነው። እኔ እዚህ ከተማ በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ጃዝ መለማመድ የሚፈልግ ልጅ ግን አለ። አንዱ ኮምቦልቻ የሚኖር የሳክስፎን ተማሪዬ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ የሀረጎን ዳገት ወጥቶ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለው ቤቴ ይመጣል። እኔ ኪቦርድ እጫወታለሁ። ድራሙንና ቤዙን የሚጫወተው ላፕቶፔ ላይ ያለ አጃቢ ፕሮግራም ነው።

አንድ ቅዳሜ ልጁ መሃል ላይ አቆመ። ሳክስፎኑን ከአፉ አወረደና፣ «ጋሼ፣ ይሄ ቤዝ እኮ አይራመድም። ባለህበት ሂድ እንደተባለ ወታደር ነው የሚረግጠው» አለኝ።

እውነቱን ነው። ዎኪንግ ቤዝ ስሙን ያገኘው በየምቱ አንድ ኖታ እያስቀመጠ፣ ከኮርድ (አብረው ከሚሰሙ ኖታዎች ስብስብ) ወደ ኮርድ ስለሚራመድ ነው። በአንድ ባር፣ ማለትም በአራት ምት፣ አራት እርምጃ። የኔው ቤዝ አራቱንም ይረግጣል፤ የትም ግን አይደርስም።

ከዚያ በኋላ ትልልቅ የሳምፕል (ከእውነተኛ መሣሪያ የተቀዳ ኖታ) ፋይል በሞባይል ዳታ ሳወርድ ከረምኩ። ብሩም ሄደ፣ ሌሊቱም ሄደ። ድምፁ አማረ፤ እርምጃው ግን ያው ሆነ። የተሳሳትኩት አንድ ቦታ ላይ ነበር። እኔ የምጨነቀው ኖታው ሲጀምር ስላለው ድምፅ ነው። ችግሩ የነበረው ኖታው ሲያበቃ ነው።

ወሎ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ክራር በግርፍ ሲጫወቱ እዩ። ቀኝ እጅ ክሮቹን በሙሉ ይገርፋል። ግራ እጅ ደግሞ የማይፈለጉትን ክሮች በጣት አፍኖ ይይዛል። ዜማው የሚወጣው አንዱን አፍኖ ሌላውን በመልቀቅ ነው። ደብል ቤዝም እንደዚያው ነው። አንዱ ድምፅ የሚቆመው ጣት ስላስቆመው ነው። ኮምፒውተሩ ጣት የለውም። ስለዚህ ጣቱን እኛ እንስጠው።

አሁን እኔ የምሠራበትን ቅደም ተከተል ልንገራችሁ። ሁሉንም በአንድ ቀን መጨረስ የለባችሁም።

1. ፕሮግራሙን ከመክፈት በፊት ጆሮ

ግማሽ ሰዓት ለጆሯችሁ ስጡ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከካውንት ቤዚ ባንድ ጋር የተጫወተውን ዋልተር ፔጅን አዳምጡ። እ.ኤ.አ. በ1939 ዱክ ኤሊንግተን ባንድ ውስጥ የገባውን ጂሚ ብላንተንን አዳምጡ። ከእነሱ በኋላ የመጡትን ሬይ ብራውንና ፖል ቼምበርስን ጨምሩ። ሌላውን መሣሪያ እርሱትና ቤዙን ብቻ ተከተሉ። ጥያቄያችሁ አንድ ብቻ ይሁን፤ ይሄ ኖታ የት ጋ ነው ያቆመው?

አንድ ነገር ታስተውላላችሁ። የድሮዎቹ ድምፅ አጭር ነው፤ ዱም ብሎ ቶሎ ይጠፋል። ያኔ ቤዝ ላይ የሚወጠረው ከአንጀት የሚሠራ ክር ነበር፣ ልክ እንደ ድሮው የክራር ጅማት። በኋላ የብረት ክርና አምፕሊፋየር ሲለመድ ድምፁ ረዘመ። የናንተ ቤዝ የትኛው እንዲሆን እንደምትፈልጉ አሁኑኑ ወስኑ። ከታች የምንነካው ቁጥር ሁሉ ከዚህ ይነሳል። እኔ ከሁለቱ መሃል ያለውን ነው የምወደው፤ ድምፁ ይኖራል፣ ግን አይንዛዛም።

2. የትኛውን ዓይነት ፕሮግራም ይዛችኋል?

አጃቢ ፕሮግራሞች ቤዝ የሚያወጡት በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው እውነተኛ ቤዚስት ስቱዲዮ ገብቶ የቀዳውን ሐረግ ቆራርጦ፣ በኮርዳችሁ ልክ ይገጣጥማል። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ባንድ ኢን ኤ ቦክስ «ሪያል ትራክስ» የሚላቸው እንደዚህ ናቸው። ሁለተኛው መንገድ ሚዲ ነው፤ ድምፁ ሳይሆን የኖታው ትእዛዝ ብቻ የሚጻፍበት ፋይል። ፕሮግራሙ ኖታውን ይጽፋል፣ ሳምፕሉ ድምፁን ይሰጣል።

የተቀዳው ሐረግ ሰውኛ ነው። ግን ከተቀዳበት ቴምፖ (ፍጥነት) ብዙ ከራቃችሁ ድምፁ ይጎተታል ወይም ይቆራረጣል። አንዷን ኖታ ነቅሎ በሌላ መተካትም አስቸጋሪ ነው። ኮርዱ የተለመደ፣ ቴምፖው መካከለኛ ከሆነ እሱን ተጠቀሙና ተገላገሉ። የራሳችሁን መስመር፣ የራሳችሁን ቅኝት ከፈለጋችሁ ግን ሚዲ ነው የሚያዋጣው። ይህ መመሪያ ስለ ሁለተኛው ነው።

ባንድ ኢን ኤ ቦክስ ላይ ከሆናችሁ የስታይሉን ክፍል እዩ። በጃዝ ስዊንግ ስታይሎች ላይ ብዙውን ጊዜ «ኤ» የሚባለው ክፍል በባር ሁለት ኖታ ነው የሚጫወተው። «ቢ» ነው የሚራመደው። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ «ቤዙ ሰነፍ ነው» ይላል። በስልክ አይሪያል ፕሮ የሚባለውን አጃቢ አፕ የምትጠቀሙም ሚዲውን አውጥታችሁ ወደ ኮምፒውተር መውሰድ ትችላላችሁ። ሚዲውን እንደ ሪፐር ባለ መቅጃ ፕሮግራም ክፈቱ። የቤዙንና የድራሙን ትራክ ብቻ ትታችሁ ሌላውን ዝም አሰኙት።

መብራት ሳይሄድ ሴቭ ማድረግ አትርሱ። እኔ አንድ ሙሉ ማታ የሠራሁት እንደዚያ ጠፍቶብኛል።

3. ኦክታቩን አረጋግጡ

ይህች አጭር ናት፣ ግን ብዙ ሰው ይሰናከልባታል። የደብል ቤዝ አራት ክሮች ከታች ወደ ላይ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ ናቸው። በኸርዝ 41፣ 55፣ 73 እና 98 አካባቢ ናቸው። በሚዲ ቁጥር፣ ማለትም ሚዲ ለየኖታው በሚሰጠው ቁጥር፣ 28፣ 33፣ 38 እና 43። የቤዝ ኖታ በወረቀት ላይ ሲጻፍ ከሚሰማው አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ ነው። ኦክታቩን የሚጠሩበት ቁጥርም ከአምራች አምራች ይለያያል፤ መሃለኛውን ሲ አንዱ ሲ3 ይለዋል፣ ሌላው ሲ4። ስለዚህ ስሙን ተዉና የሚዲ ቁጥሩን እዩ። ከ28 በታች የወረደ ኖታ ካያችሁ አንድ ኦክታቭ አንሡት። አምስተኛ ክር ወይም ማራዘሚያ ከሌለው በቀር ደብል ቤዝ ላይ እዚያ ታች ምንም የለም። ከ55 በላይም በእርምጃ ጊዜ እምብዛም አይኬድም።

4. ሳምፕሉን መርምሩ

እዚህ ጋ ብር ከማውጣት በፊት ትንሽ ሒሳብ ይጠቅማል። በ16 ቢትና በ44,100 ኸርዝ የተቀዳ ሞኖ (ባለ አንድ ቻናል) ድምፅ በሰከንድ 88,200 ባይት ይወስዳል። አንድ የቤዝ ኖታ 4 ሰከንድ ከተቀዳ ወደ 350 ኪሎ ባይት ነው። ከ28 እስከ 55 ያሉት ኖታዎች 28 ናቸው። እያንዳንዱ በ3 የአመታት ጥንካሬ፣ በየጥንካሬው 2 ጊዜ ቢቀዳ 168 ሳምፕል ይሆናል። ሲደመር 60 ሜጋ ባይት እንኳ አይሞላም። ለዎኪንግ ቤዝ ከዚህ ብዙ የሚበልጥ አያስፈልጋችሁም። የጊጋ ባይት ክምር የሚሆነው ከብዙ ማይክ የተቀዳው፣ በደጋን የሚጫወተውና የማትነኩት ሌላው ሁሉ ሲታከልበት ነው። ዳታ በብር ለምንገዛ ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ያላችሁን ሳምፕል በአራት ነገር ፈትኑት።

መጀመሪያ ከታች ጀምሮ በግማሽ ቶን፣ በግማሽ ቶን (ከአንድ ኖታ ወደ ቅርብ ጎረቤቱ) ወደ ላይ ውጡ። በየሦስትና አራት ኖታው ድምፁ ድንገት መልኩን ከቀየረ፣ አንዱን ሳምፕል ለጎረቤቶቹም እየወጠሩት ነው ማለት ነው። ሦስት ግማሽ ቶን ወደ ላይ የተወጠረ ሳምፕል ወደ 19 በመቶ ፈጥኖ ነው የሚጫወተው። ስለዚህ የጣቱ ምትም ይፈጥናል፣ ድምፁም ቶሎ ይሞታል። አንድ ግማሽ ቶን ቢወጠር ግን ጆሮ አያስተውለውም።

ሁለተኛ፣ አንድ ኖታ ተጭናችሁ ቆዩ። ድምፁ እየደከመ ካልሞተና እንደ ኦርጋን ከቀጠለ ሳምፕሉ እየተሽከረከረ ነው። ሉፑን አጥፉት። የተመታ ክር ይሞታል፤ ካልሞተ ክር አይደለም።

ሦስተኛ፣ ያንኑ ኖታ በተከታታይ ስምንት ጊዜ ምቱ። እንደ መትረየስ ከተንጣጣ ተለዋጭ ሳምፕል የለውም። ለዚህ መላ አለ። ከላይ ያለውን የጎረቤት ኖታ ሳምፕል ግማሽ ቶን ዝቅ አድርጋችሁ እንደ ተለዋጭ መድቡት። አንዴ የራሱን፣ አንዴ የጎረቤቱን። በነፃ ሌላ ቤዝ አገኛችሁ ማለት ነው።

አራተኛ፣ ጥንካሬውን፣ ማለትም ቬሎሲቲውን፣ ከ30 ጀምራችሁ በ5 በ5 እየጨመራችሁ አንድ ኖታ ምቱ። ድምፁ ድንገት የሚቀየርበትን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉ። ለምሳሌ የኔው በ62 እና በ97 ላይ ይቀየራል። ይህ ቁጥር በኋላ ይፈለጋል።

5. መስመሩን አስተካክሉ

ፕሮግራሙ አንድ መጥፎ ልማድ አለው። ዲ ማይነር በመጣ ቁጥር ያችኑ አራት ኖታ ያመጣል። ሦስተኛው ላይ ጆሮ ይነቃል። ስለዚህ ተመሳሳይ ባሮችን ፈልጉና ሁለተኛዋን በእጃችሁ ቀይሩ።

ስትቀይሩ ይህን ያዙ። የመጀመሪያው ምት ላይ ብዙውን ጊዜ የኮርዱ ስር፣ ማለትም ኮርዱ የተሰየመበት ኖታ፣ ይቀመጣል። አራተኛው ምት ላይ ደግሞ ለሚቀጥለው ስር በግማሽ ቶን የሚቀርብ ኖታ፣ ከላይም ይሁን ከታች። እርምጃ የሚመስለው ይህ አራተኛው ነው። የመሃሉ ከኮርዱ ኖታዎች ይመጣል።

በጣም የተለመደውን ጉዞ እንውሰድ። ዲ ማይነር 7፣ ጂ 7፣ ሲ ሜጀር 7።

ዲ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ኤ ፍላት | ጂ፣ ኤፍ፣ ዲ፣ ዲ ፍላት | ሲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ

በሚዲ ቁጥር 38፣ 41፣ 45፣ 44 | 43፣ 41፣ 38፣ 37 | 36፣ 40፣ 43፣ 45። ኤ ፍላት ወደ ጂ፣ ዲ ፍላት ወደ ሲ እንዴት እንደሚያንሸራትት አፋችሁን ከፍታችሁ ዝፈኑት። በእውነት ዝፈኑት። በአፍ የማይዘፈን መስመር በጣትም አይመጣም።

6. ኖታው የት ያበቃል? ዋናው ሥራ

እዚህ ጋ ጊዜ ስጡ። ሌላውን ሁሉ ብትዘሉ እንኳ ይህን አትዝለሉ።

ፕሮግራሙ ኖታዎቹን ሁሉ እኩል ነው የሚያስረዝመው። አንድ ምት 480 ቲክ (ፕሮግራሙ ምቱን የሚከፍልበት ትንሽ የጊዜ ቁራጭ) ከሆነ ሁሉም 432፣ ወይም ሁሉም 480። ሰው እንዲህ አይጫወትም። የአንድ ኖታ ርዝመት የሚወሰነው ቀጣዩ ኖታ በየትኛው ክር ላይ እንዳለ ነው። ያው ክር ላይ ከሆነ፣ ቀጣዩን ለመምታት የሚመጣው ጣት ክሩን ሲነካ የቀደመው ድምፅ ይታፈናል። ሌላ ክር ላይ ከሆነ የቀደመው ክር ትንሽ ሊዘገይ ይችላል። ክሩ ባዶ ከሆነ፣ ማለትም ግራ እጅ ያልነካው ከሆነ፣ ሰው እስኪያፍነው ድረስ ማስተጋባቱን ይቀጥላል።

ስለዚህ ከየኖታው ጎን ክሩን ጻፉ። ከላይ ያለውን መስመር እንየው። ግራ እጅ አንገቱ ጫፍ አካባቢ ቦታ ሳይለቅ በአንድ ክር ላይ የሚሸፍነው አንድ ሙሉ ቶን ብቻ ነው። ስለዚህ ጣት ሩቅ ከመዝለል ይልቅ ወደ ጎረቤት ክር መሻገር ይቀለዋል።

ዲ ባዶ የዲ ክር። ኤፍ ያው የዲ ክር። ኤ የጂ ክር። ኤ ፍላት ያው የጂ ክር፣ እጅ ትንሽ ወደ ኋላ ተንሸራትቶ። ጂ ባዶ የጂ ክር። ኤፍ የዲ ክር። ዲ ባዶ። ዲ ፍላት የኤ ክር። ሲ ያው የኤ ክር። ኢ የዲ ክር። ጂ ባዶ። ኤ የጂ ክር።

አሁን ርዝመቱን እንስጠው። በደቂቃ 140 ምት ሲሆን አንድ ምት 429 ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው፤ አንድ ቲክ ደግሞ 0.9 ሚሊ ሰከንድ። እኔ የምጠቀምባቸው ቁጥሮች እነዚህ ናቸው።

ቀጣዩ ያው ክር ላይ ከሆነ ከ455 እስከ 465። እጅ ቦታ መቀየር ካለበት ከ440 እስከ 450። ቀጣዩ ሌላ ክር ላይ ከሆነ ከ485 እስከ 495፤ ማለትም በጥቂቱ ይደራረባል። ባዶ ክር ሆኖ ቀጣዩ ሌላ ክር ላይ ከሆነ ከ510 እስከ 530።

በዚህ መሠረት የመጀመሪያው ዲ 460 ያገኛል። ኤፍ 490። ኤ ወደ ኤ ፍላት ስለሚንሸራተት 445። ኤ ፍላት 460። ሁለተኛው ባር ላይ ያለችው ባዶዋ ጂ ግን 520። ይህችን ጂ ስታዳምጡ በኤፍ ላይ ትንሽ ጥላዋን ስትጥል ትሰማላችሁ። ያን ጊዜ ነው እኔ ክፍል ውስጥ ሰው የገባ የመሰለኝ።

ሁለት ጥንቃቄ አለ። ሳምፕል የሚጫወተው መሣሪያ በአንድ ድምፅ ብቻ፣ ሞኖ በሚባለው፣ ተቀናብሮ ከሆነ መደራረቡ አይሰማም። ሁለት ወይም ሦስት ድምፅ አብሮ እንዲያወጣ ፍቀዱለት። ከዚያ ሪሊዝ የሚባለውን፣ ኖታው ከተለቀቀ በኋላ ድምፁ የሚጠፋበትን ጊዜ፣ ከ60 እስከ 100 ሚሊ ሰከንድ አድርጉ። ዜሮ ከሆነ በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል። 300 ከሆነ ደግሞ የሠራችሁትን ሁሉ ጭቃ ያደርገዋል። ታች ያሉ ድምፆች ሲደራረቡ ቶሎ ይደፈርሳሉ።

የአንጀት ክሩን የድሮ ድምፅ የመረጣችሁ ከሆናችሁ ከሁሉም ላይ 40 ቲክ ቀንሱ። ልዩነታቸው ግን እንዳለ ይቆይ። ነፍሱ ያለው ልዩነቱ ላይ ነው።

ለ32 ባር ይህን በእጅ መሥራት እኔን ሁለት ሰዓት ይፈጅብኛል። መጀመሪያ ስትሠሩት ይሰለቻል። አራተኛው ባር ላይ ክሩን ሳትጽፉ ማየት ትጀምራላችሁ።

7. ጥንካሬው

ቅድም የጻፋችሁትን ቁጥር አውጡ። የኔው በ62 እና በ97 መሃል አንድ ዓይነት ድምፅ አለው። እርምጃውን በሙሉ እዚያ ውስጥ አስቀምጡት፤ ለምሳሌ ከ74 እስከ 90። ፕሮግራሙ ያለው «ሂውማናይዝ» የሚባለው ቁልፍ ጥንካሬውን ዝም ብሎ ይበትነዋል። አንዷ ኖታ 95 ሆና ቀጣይዋ 99 ስትሆን የሚሰማው የአራት ነጥብ ልዩነት አይደለም፣ የሌላ ሳምፕል ድምፅ ነው። አድማጩ ቤዚስቱ መሣሪያ የቀየረ ይመስለዋል።

ሁለተኛውንና አራተኛውን ምት ከ3 እስከ 6 ነጥብ ከፍ አድርጉ። ድራመሩ ሃይ ሃቱን የሚዘጋው እዚያ ነው፤ ቤዙም አብሮት ይነቀንቅ። መስመሩ ወደ ላይ ሲወጣ ትንሽ ይበርታ፣ ሲወርድ ይለሳለስ። ከ97 በላይ ያለውን ጠንካራ ድምፅ አዲስ ክፍል ለምትከፍት ኖታ አስቀምጡት።

8. ሰዓቱ

እዚህ ላይ ከሌሎች የምለይበት ሐሳብ አለኝ። ብዙ ሰው ኖታዎቹን በ15 ሚሊ ሰከንድ ወዲያና ወዲህ በትኖ «ሰው አስመሰልኩት» ይላል። እኔ ግን ጥሩ ቤዚስት ሲንገዳገድ ሰምቼ አላውቅም። ከድራሙ ትንሽ ይቀድማል ወይም ትንሽ ይዘገያል፤ የያዘውን ቦታ ግን አይለቅም። ሰክሮ የሚሄድና ረጋ ብሎ የሚሄድ ሰው አንድ አይደሉም።

ስለዚህ የዘፈቀደ መበተኑን አጥፉት። በምትኩ አንድ ሳምፕል አጉልታችሁ ሞገዱን እዩ። ፋይሉ ከተጀመረ በኋላ ድምፁ እስኪነሳ ስንት ሚሊ ሰከንድ ያልፋል? 10፣ አንዳንዴ 20 ታገኛላችሁ። የራይድ ሲምባል ምት ግን ወዲያው ነው የሚነሳው። ሁለቱ በስክሪን ላይ አንድ መስመር ላይ ቢሆኑም በጆሮ ቤዙ ይዘገያል። ሙሉ የቤዝ ትራኩን ቀድሞ እንዲጀምር በዚያችው ልክ በስክሪኑ ላይ ወደ ግራ ሳቡት። እኔ 14 ሚሊ ሰከንድ ስቤ ነው ባንዱ የተቀመጠልኝ። ከፈለጋችሁ ከዚያ በላይ ሌላ 3 ወይም 4 ጨምሩ፣ ሙዚቃው ወደ ፊት ያዘነብላል። ሁሉም አንድ ላይ ግን።

9. ትንንሽ ቅመሞች

ሙት ኖታ የሚባል አለ። ክሩ በእጅ ታፍኖ ሲመታ «ጥክ» የሚለው። ከምት በፊት፣ ምቱን በሦስት ከፍላችሁ ሦስተኛዋ ላይ ትቀመጣለች። ሳምፕሉ ከሌላችሁ ርዝመቷ 35 ቲክ፣ ጥንካሬዋ 40 የሆነ ኖታ ያው ይሠራል። በ8 ባር ውስጥ ሁለት ይበቃል። በርበሬ ናት፣ አታብዙ። ቴምፖው ከ200 ሲያልፍ ደግሞ የሦስት ክፍፍሉ እየተስተካከለ ወደ እኩል ስለሚጠጋ፣ ሙት ኖታዋን ወደ ምቱ መሃል አስጠጉ።

ደብል ቤዝ ጣት የሚቀመጥበት የብረት ምልክት የለውም። ስለዚህ ከፍ ያሉ ኖታዎችን በ3 ወይም በ5 ሴንት ያህል ማዛባት ጥሩ ነው። ሴንት ማለት የግማሽ ቶን አንድ መቶኛ ነው። ባዶ ክሮቹን ግን አትንኩ። እነሱ የሚወሰኑት በውጥረት ነው እንጂ በጣት አይደለም።

10. በቅኝት ስትራመዱ

ይህን የጨመርኩት ተማሪዬ አምባሰልን በስዊንግ መጫወት ስለሚወድ ነው። አምባሰልም ባቲም የዚሁ የወሎ አገር ስሞች ናቸው፤ ኮምፒውተሩ ግን አያውቃቸውም።

አምባሰል በሲ ሲሆን ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ነው። ሲ ማይነር ብላችሁ ብትጽፉለት ፕሮግራሙ ኢ ፍላት ይዞ ይመጣል። ያች ኖታ ቅኝቱ ውስጥ የለችም፤ አንድ ጊዜ ብትገባ አምባሰሉ ፈረሰ። ስለዚህ ኮርዱን ሲ 5 ብላችሁ ጻፉ፤ ሲና ጂ ብቻ ይሆናል። የቀረውን በእጃችሁ ሙሉ።

እዚህ ጋ ደስ የሚል ነገር አገኘሁ። ቅድም አራተኛው ምት ላይ በግማሽ ቶን የሚቀርብ ኖታ ይቀመጣል ብያለሁ። አምባሰል ይህ በውስጡ አለው። ዲ ፍላት ከሲ ግማሽ ቶን በላይ ናት። ኤ ፍላት ከጂ ግማሽ ቶን በላይ ናት። ከውጭ ኖታ መበደር አያስፈልግም፤

ሲ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት | ጂ፣ ኤፍ፣ ሲ፣ ዲ ፍላት | ሲ

ሜጀር ባቲ ደግሞ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ ነው። ኢ ወደ ኤፍ፣ ቢ ወደ ሲ። አምባሰል ከላይ ይወርዳል፣ ባቲ ከታች ይወጣል። ቤዙ ይህን ብቻ ካከበረ፣ ዜማ ሳይሰማ ሰው ቅኝቱን ይለያል።

11. ሚክስ

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ቤዙ መሃል፣ በአንድ ቻናል። ከ35 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጡ። ከ200 እስከ 250 አካባቢ ከጎረነነ ሁለት ዲሲቤል ቀንሱ። የጣቱ ድምፅ ያለው ከ700 እስከ 1,000 አካባቢ ነው፤ እዚያ ትንሽ ጨምሩ። ሪቨርብ (የክፍል ማስተጋባት) የምትጨምሩ ከሆነ የትንሽ ክፍል ብቻ፣ ከ0.6 ሰከንድ ያልበለጠ። የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ የሚራመድ ቤዝ እግሩ አይታይም።

የስልክ ስፒከር 41 ኸርዝን ማውጣት አይችልም። እዚያ ላይ የምንሰማው ከላይ ያሉትን የዚያኑ ኖታ እጥፎች ነው፤ 82ን፣ 123ን እና ከዚያ በላይ ያሉትን። ስለዚህ በስልክ ቤዙ ጠፋ ብላችሁ ታቹን አትጨምሩ። የጣቱን ድምፅ ጨምሩ።

12. ፈተናው

ሁለት ቅጂ አውጡ። አንዱ ፕሮግራሙ እንደሰጣችሁ፣ ሌላው የሠራችሁት። ድምፃቸውን እኩል አድርጉ፤ ካልሆነ ጮክ ያለው ሁልጊዜ ያሸንፋል። ስማቸውን «ሀ» እና «ለ» በሉና፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ስጡ። አብሮ ለሚጫወት ሰው ቢሆን ይሻላል።

እኔ ለተማሪዬ በቴሌግራም ላኩለት። ቅዳሜ ሲመጣ በሚኒባሱ ሀረጎን ሲወጣ በኢርፎን ሁለቱንም እንደሰማቸው ነገረኝ። «ሀን ሁለት ጊዜ ሰማሁት፣ ለን ግን አብሬው ነበርኩ» አለ። ከዚያ ሳክስፎኑን ገጥሞ «ለን ክፈተው ጋሼ» አለኝ። ሦስተኛው ዙር ላይ እንደገና አቆመ። ጥያቄው ግን ስለ ቤዙ ድምፅ አልነበረም፤ «ትንሽ ቀስ ይበልልኝ፣ ፈጠነብኝ» ነው ያለው። ቴምፖውን ከ140 ወደ 132 አወረድኩለትና ርዝመቶቹን አንድ በአንድ እንደገና አየሁ። የባዶ ክሮቹ መደራረብ በዝቶ ስለነበር ከእያንዳንዳቸው 8 ቲክ ቀነስኩ።